ርካሽ ማማ በቁመቱ ያነሰ እንጂ በብረቱ የሳሳ አይደለም፦ የአማተር ሬዲዮ ማማና አንቴና በቤት ግቢ ስለ መትከል

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። በቅርቡ የጄኔራል ደረጃ የአማተር ሬዲዮ ፈተና አልፌ ፈቃዴ ደርሶኛል፤ ባለ 100 ዋት ሬዲዮም ገዝቻለሁ። ቤቴ ከምድር ቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ያለው ሲሆን የጣሪያው ጫፍ ወደ 8 ሜትር ይደርሳል። ጓሮዬ 12 በ18 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጡረተኛ አማተር 15 ሜትር የሚረዝም ሮን 25 ማማውን ራሴ ነቅዬ ከወሰድኩት በነጻ ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ያለኝ ገንዘብ 1,500 ዶላር ነው። ዋናው ምኞቴ ከአዲስ አበባ ጋር መገናኘት ነው። ማማውን ልውሰደው? ባለቤቴ ደግሞ መብረቅ ትፈራለች፤ ምን ልበላት?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ለፈቃድዎ እንኳን ደስ አለዎት። ማማውን ይውሰዱ፤ ነገር ግን ማማው የተሠራባቸውን አምስቱንም ባለ 3 ሜትር ቁራጮች አይትከሉ። ጓሮዎ፣ ገንዘብዎና ምኞትዎ ሦስቱም የሚስማሙት ከ9 ሜትር ማማና በላዩ ላይ ከሚቆም አንድ ቀላል አንቴና ጋር ነው። በአገር ቤት የመገናኛ ማማ ተካይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እዚህም ከመጣሁ ወዲህ የራሴንና የብዙ ወዳጆቼን ማማ አቁሜያለሁ፣ አውርጃለሁም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ገንዘብ ያጠራቸው ሰዎች ቁመቱን ሳይቀንሱ መሠረቱን፣ ብሎኑንና የመሬት ሽቦውን እየቀነሱ የሚጎዱ መሆናቸውን ነው። መቆጠብ የሚገባው ከላይ ነው፤ ከታች ሲቆጠብ ዕዳው ይከተላል።

ስለ ብረቱ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ወረቀት አውጥተው እንዲያነቡ እለምንዎታለሁ፤ ይኸውም ቤቱን ሲገዙ የፈረሙት ውል ነው። ቤትዎ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ከሆነና ውሉ የውጭ አንቴናን የሚከለክል ከሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአብዛኛው አይመለከትዎትም፤ መፍትሔዎ በጣሪያ ሥር የሚዘረጋ ሽቦ ወይም የባንዲራ ምሰሶ መስሎ የሚቆም አንቴና ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ውሳኔ የክልልና የከተማ አስተዳደሮች የአማተር አንቴናን በምክንያታዊ መንገድ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ በግል ውል የተጣለ ክልከላን ግን አይሽርም። እንዲህ ያለ ማኅበር ከሌለብዎ ቀጣዩ በር የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው። በዚያ ስለ ቁመት፣ ከአጥር ስለሚኖር ርቀትና ስለ ውርጭ ጥልቀት ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎትን መልስ በጽሑፍ ይያዙ። ስለ አውሮፕላን ያለው ሕግ ለእርስዎ የሚያሳስብ አይመስለኝም፤ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማስታወቅ ግዴታ የሚሆነው ከ61 ሜትር ገደማ በላይ ለሚቆም ማማ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ላለ ነውና።

አሁን ወደ ማማው እንግባ። ሮን 25 የሚባለው ማማ ሦስት ቋሚ ቧንቧዎች በአግዳሚ ዘንግ ተያይዘው የተሠሩበት፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ወደ 18 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፤ ለአማተሮች የተወደደበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሆኖም ይህ ማማ ራሱን ችሎ እንዲቆም የተሠራ አይደለም። ወይ በሦስት አቅጣጫ በብረት ገመድ ተወጥሮ፣ ወይ ከቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ ነው የሚቆመው።

ገመድ እንወጥርለት ካልን፣ የገመዶቹ መልሕቆች ከማማው እግር የሚርቁት በተለመደው አሠራር የማማውን ቁመት 80 ከመቶ ያህል ነው። ለ15 ሜትር ማማ 12 ሜትር ማለት ነው፤ ሦስቱም መልሕቆች በ120 ዲግሪ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ከ20 ሜትር የሚበልጥ ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይፈልጋሉ። የማማውን ቁመት ወደ 12 ሜትር ላሳጥረው ቢሉ እንኳ የሦስት ማዕዘኑ ጎን ወደ 16 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ደግሞ ወደ 14 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ የጓሮዎ ጠባብ ጎን ግን 12 ሜትር ነው። አንዳንዶች መልሕቁን ወደ ማማው አስጠግተው ችግሩን የፈቱ ይመስላቸዋል። ገመዱ በቀረበ ቁጥር የሚይዘው ጎኑን ሳይሆን የሚጫነው ቁልቁል ነው፤ ማማውን እየረገጠ ቧንቧውን ያጎብጠዋል እንጂ ከነፋስ አያድነውም። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ከቤቱ የጎን ግድግዳ ጋር የሚያያዘው ነው።

ሦስት ቁራጭ ቢያቆሙ 9 ሜትር ይሆናል። የግድግዳ ማያያዣውን በ6 ሜትር ከፍታ ያድርጉት፤ ከማያያዣው በላይ አንድ ቁራጭ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በላዩ አንድ ሜትር ያህል የሚወጣ ወፍራም የብረት ምሰሶ ሲጨምሩ አንቴናው ከመሬት 10 ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ የጣሪያውንም ጫፍ በሁለት ሜትር ይበልጠዋል። ማያያዣው የሚታሰረው ግን ከቤቱ አውታር ጋር ነው። በዚህ አገር ብዙ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ጡብ ይመስላሉ እንጂ ጡቡ ልባጥ ብቻ ነው፤ ቤቱን ያቆመው ከውስጥ ያለው እንጨት ነው። ብሎን በጡብ ልባጥ ወይም በፕላስቲክ ሽፋን ላይ አስሮ ማማ ማመን፣ በሬ በመጋረጃ ገመድ እንደ ማሰር ነው። ከውስጥ በኩል በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል ወፍራም አግዳሚ እንጨት ገብቶ፣ ብሎኑ ከውጭ እስከ ውስጥ አልፎ በሰፊ የብረት ሳህንና በዳዶ መታሰር አለበት። ይህን ሥራ የቤቱን አሠራር የሚያውቅ አናጢ ቢሠራልዎ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም።

ስለ መሠረቱ ጥቂት ልዘግይ፤ ሰው በጣም የሚቸኩልበት ቦታ ነውና። አካፋ ከማንሣትዎ በፊት 811 ይደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፤ ባለሙያዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሳዩዎታል፦ ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። በራስዎ ግቢ ውስጥ ለጋራዥ ወይም ለአትክልት መብራት የተዘረጋውን የግል መስመር ግን አያሳዩም፤ እሱን የቀድሞው ባለቤት ወይም የእርስዎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው የሚያውቀው። ከራስዎ በላይም ቀና ይበሉ። ማማው ከነአንቴናው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊነካ የማይችል፣ በዚያም ላይ ቢያንስ 3 ሜትር ትርፍ ያለው መሆን አለበት። ይህ ርቀት ካልተገኘ ማማው አይተከልም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሞተው ከላይ ወድቆ ብቻ አይደለም፤ አንቴና ወይም ምሰሶ ሲያነሣ ሽቦ ነክቶም ነው።

ጉድጓዱ 75 በ75 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.20 ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ጥልቀቱ ያስፈለገው መሬቱ በብርድ ወራት በረዶ ሲሠራ ወደ ላይ ስለሚነሣ ነው፤ የአርማታው ታች ውርጩ ከሚደርስበት በታች ካልሆነ መሠረቱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ይጣመማል። በዚህ ልክ 36 ኪሎ የሚመዝን ደረቅ የኮንክሪት ድብልቅ ወደ 40 ከረጢት ይፈልጋል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ ሁለት ወዳጆችና አንድ የተከራዩት ማደባለቂያ ካሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ውስጡ ፌሮ በሳጥን መልክ ታስሮ ይገባል፤ ፌሮው አፈሩን እንዳይነካ በየጎኑ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይልበስ። ካፈሰሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይነኩት ይቆዩ፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚቆጠረው በ28 ቀን ነው።

በአርማታው ላይ የሚቀመጠው ማጠፊያ ያለው የብረት ሳህን ይሁን እንጂ ማማው ራሱ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበር። ይህን የምለው ሁለት ምክንያት ስላለኝ ነው። የመጀመሪያው ከራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ያገለገለ ማማ ገዝቼ የታችኛውን ቁራጭ እንዳለ ኮንክሪት ውስጥ ቀበርኩት፤ የቧንቧዎቹ ታች በኮንክሪት ተደፍኖ ስለነበር የዝናብ ውሃ እየገባ ተጠራቀመ፣ በጥር ብርድ ቀዘቀዘና አንዱን እግር እንደ በቆሎ እሸት ሰነጠቀው። ስንጥቁን ያየሁት በመጋቢት ሣር ላጭድ ስወጣ ነበር፤ እስከዚያ ሁለት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። መቅበር የግድ ከሆነ ከእግሮቹ በታች ውሃ የሚሰርግበት ጠጠር መኖር አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ማጠፊያ ካለው ማማውን አጋድመው መሬት ላይ ቆመው መሥራት መቻልዎ ነው። ማማ ላይ ለመውጣት ሙሉ አካል የሚይዝ የደህንነት ቀበቶ፣ ሁለት ማንጠልጠያ ገመድ፣ ልምድና ወጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከማጠፊያው ዋጋ ይበልጣል።

ለማጋደምና ለማንሣት በግድግዳው ላይ በ6 ሜትር ከፍታ መዘውር፣ ከታች ደግሞ በእጅ የሚዞር ዊንች ይደረጋል። ስሌቱን ላሳይዎት፤ ሰው ዊንች ሲገዛ በግምት ስለሚገዛ ነው። ሦስቱ ቁራጮች 55 ኪሎ ያህል ሲሆኑ ክብደታቸው መሃል ላይ፣ በ4.5 ሜትር ያርፋል እንበል። አንቴናው፣ ማዞሪያው ሞተርና ምሰሶው አንድ ላይ 27 ኪሎ ቢሆኑ በ9.5 ሜትር ላይ ይጫናሉ። የሁለቱ ድምር ወደ 500 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ገመዱ ከማማው ጋር በ6 ሜትር ላይ ቢታሰር፣ ማማው መሬት ላይ ሲተኛ ገመዱ በ45 ዲግሪ ስለሚስብ፣ የሚፈለገው ኃይል 120 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከፍተኛው ኃይል ያለው በዚሁ መነሻ ላይ ነው፤ ማማው ቀና ባለ ቁጥር ይቀልላል። እንግዲህ 120 ኪሎ ስለሆነ ባለ 150 ኪሎ ዊንች ይበቃል ማለት አይደለም፤ ከ500 ኪሎ በታች የተጻፈበትን አይግዙ፤ ፍሬን ያለው ይሁን፤ ገመዱም አዲስ ይሁን። ሲነሣም ሲወርድም ከሥሩ ማንም አይቁም፤ ልጆች ቤት ውስጥ ይሁኑ።

ጡረተኛው ወዳጅዎ ወደሚሰጥዎ ማማ ልመለስ። ነጻ ማማ ነጻ የሚሆነው በደህና ከወረደ ነው። ዕድሜ የጠገበ ማማ የሚበላው አፈርና ኮንክሪት በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ የገመዶቹም መልሕቅ ከመሬት በታች ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንም ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ እግርና የእያንዳንዱ መልሕቅ ሥር አፈሩ ተነሥቶ ይታይ። ከላይ እየነቀሉ ሲወርዱ አንድን የገመድ ረድፍ ከመፍታትዎ በፊት ከሥሩ ጊዜያዊ ገመድ መወጠር አለበት። ይህን ከዚህ በፊት ያልሠራ ሰው እንዲመራው አልመክርም፤ በአቅራቢያዎ ካለ የአማተር ክበብ ልምድ ያለው ሰው ይጥሩ፤ አብዛኞቹ በደስታ ይመጣሉ፤ ምሳ ማብላት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ቁራጮቹ ከወረዱ በኋላ ምርመራው እንዲህ ነው። ዝገት በቧንቧ ውስጥ ጀምሮ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የውጩ ማማር አያታልልዎ። እያንዳንዱን ቧንቧ ከላይ እስከ ታች በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ደፈን ይላል። የታችኛውን ጫፍ በባትሪ መብራት ውስጡን ይዩ። አግዳሚ ዘንጎቹ ከቧንቧው ጋር የተበየዱበትን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው መጉበጡን ይለኩ። አምስት ቁራጭ ስላለ ሦስት ምርጥ መምረጥ ይችላሉ፤ እንዲያውም ይህ ስጦታ ያለው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ብሎኖቹን ግን አንዱንም መልሰው አይጠቀሙባቸው፤ በልካቸውና በጥንካሬ ደረጃቸው አዲስ፣ ዚንክ የተነከሩ ይግዙ።

«10 ሜትር አዲስ አበባ ያደርሰኛል?» የሚል ጥያቄ በልብዎ እንደሚኖር እገምታለሁ። ያደርስዎታል። እርስዎ ካሉበት ከዋሽንግተን አካባቢ እስከ አዲስ አበባ በመሬት ክብ ላይ አጭሩ መንገድ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ አቅጣጫውም ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 66 ዲግሪ ነው። በጠፍጣፋ ካርታ የለመደ ዓይን ኢትዮጵያን ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይፈልጋታል፤ ሞገዱ ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ በአትላንቲክ ላይ ጎብጦ ነው የሚወርደው። በእጅ ኮምፓስ የሚለኩ ከሆነ መርፌው በእርስዎ አካባቢ ወደ 11 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘነብል፣ በኮምፓሱ ላይ 77 ያንብቡ።

እንዲህ ላለ ርቀት ሞገዱ በዝቅተኛ ማዕዘን እንዲወጣ እንፈልጋለን፤ ማዕዘኑን የሚወስነው ደግሞ የአንቴናው ከፍታ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። በ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ገደማ በሆነበት የሬዲዮ መስመር፣ 10 ሜትር ከፍታ ማለት የሞገዱ ግማሽ ነው፤ ዋናው ጨረር ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይወጣል፤ ይህ መካከለኛ ነው። በ15 ሜትር ባንድ ያው 10 ሜትር ወደ 20 ዲግሪ ይሰጣል። በ10 ሜትር ባንድ ደግሞ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል፤ ለዚህ ባንድ ከዚያ በላይ መውጣት ብዙም የሚጨምረው የለም። በ20 ሜትር ባንድ ላይ 14 ዲግሪ ለማግኘት 20 ሜትር ማማ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ከጓሮዎም ከኪስዎም በላይ ነው። እንግዲህ ከ9 ወደ 15 ሜትር ለመውጣት የሚያወጡት ገንዘብ በዋናነት በ20 ሜትር ባንድ ላይ አሥር ዲግሪ ገደማ ነው የሚገዛልዎት።

አንቴናውን በተመለከተ ሄክስቢም የሚባለውን እመርጥልዎታለሁ። ስድስት የፋይበር ግላስ ዘንጎች እንደተገለበጠ ጃንጥላ ተወጥረው በላያቸው ሽቦ የሚዘረጋበት አንቴና ነው። ከ20 እስከ 6 ሜትር ያሉትን ባንዶች በአንድ የአንቴና ገመድ ይይዛል፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ፣ ሲዞር የሚይዘው ራዲየስ ወደ 3.3 ሜትር ነው። ከተራ ዳይፖል፣ ማለትም መሃሉ ላይ ከገመዱ ጋር ከሚያያዝ ቀጥ ያለ የሽቦ አንቴና ጋር ሲነጻጸር ወደ ሚፈልጉት አቅጣጫ በግምት ሦስት ዲሲቤል፣ ማለትም ኃይልን እጥፍ ማድረግን ያህል ይጨምራል። ረጃጅም የአሉሚኒየም ክንዶች ያሉት፣ ያጊ የሚባለው ትልቅ አንቴና የበለጠ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚይዘው ነፋስ ብዙ ነው። የነፋስ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጁን 29 ቀን 2012 ምሽት በዋሽንግተን አካባቢ ያለፈውን ማዕበል ያየ ሰው ይህን ለማመን ስሌት አያስፈልገውም፤ ነፋሱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ፦ ማማውን ሙሉ በሙሉ ሲያጋድሙ የሄክስቢሙ ጃንጥላ በጎኑ ስለሚቆም የታችኛው ዘንግ መሬት ይመታል። የማማው ጫፍ ከመሬት 3.5 ሜትር ላይ ሲደርስ በጠንካራ ድጋፍ አስቀምጠው፣ አንቴናውን ከዚያ በመሰላል ይግጠሙ ወይም ይፍቱ። ይህን ብዙዎች የሚያውቁት ዘንጉ ሲሰበርባቸው ነው።

ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ በተመለከተ፣ አር ጂ 58 የሚባለው ቀጭኑ ዋጋው ደስ ይላል፤ ነገር ግን 30 ሜትር ቢረዝም በ28 ሜጋኸርዝ ላይ ከሚልኩት ኃይል ከሲሶ በላዩን ገመዱ ውስጥ ያስቀረዋል። ወፍራሙ አር ጂ 213 በዚያው ርዝመት የሚያስቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። መገጣጠሚያዎቹን እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ አጥብቀው ይሸፍኑ፤ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ገመዱ ወደ ታች ጎብጦ ውሃው የሚንጠባጠብበት ይኑረው።

አሁን ለባለቤትዎ ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ፍርሃታቸው ተገቢ ነውና በቀልድ አይለፉት። በአገራችን በክረምት «ዛፍ ሥር አትቁም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ረጅም ብረት ከቤት አጠገብ ሲቆም መደንገጣችን አይገርምም። 10 ሜትር የሆነ ማማ ከቤቱ ጣሪያና ከጎረቤት ዛፍ ብዙም ስለማይበልጥ መብረቁን ከሩቅ አይጠራም። ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው በአጠገብ የወደቀ መብረቅ በማማውና በቤቱ ኤሌክትሪክ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲፈጥር ነው፤ ያ ልዩነት ራሱን ለማመጣጠን በአንቴናው ገመድ ገብቶ በሬዲዮው አልፎ በመብራቱ መስመር ይወጣል። መፍትሔውም ከዚህ ይታያል፦ ሁሉም ከአንድ መሬት ጋር ይያያዝ። በማማው ዙሪያ 2.4 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት የኧርዝ (ወደ መሬት የሚነዱ) ዘንጎችን እርስ በርስ 5 ሜትር ገደማ አራርቀው ይቅበሩ፤ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከማማው ጋር ያያይዟቸው፤ ከዚያም ቁጥር 6 ከሚባለው ባልቀጠነ የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ዋና የኧርዝ ዘንግ ጋር ያገናኟቸው። ይህ የመጨረሻው ግንኙነት በኤሌክትሪክ ደንቡ ግዴታ ነው፤ ብዙዎች የሚተዉትም እሱኑ ነው። ለብቻው የተቀበረ የማማ ኧርዝ ደህንነት አይደለም፤ ከላይ የጠቀስኩትን ልዩነት የሚፈጥረው እርሱ ነው። መዳብ ዚንክ የተነከረውን ብረት በቀጥታ ከነካ ዚንኩን ስለሚበላው በመካከላቸው የማይዝግ ብረት ማሰሪያ ይግባ። የአንቴናው ገመድ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታም መብረቅ መከላከያ በመዳብ ሳህን ላይ ይታሰርና ሳህኑ ከዚያው ኧርዝ ጋር ይያያዝ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ደመናው ሲከብድ ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉት፤ ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግን አይንኩት፤ ሬዲዮ ይተካል።

ከአንቴናው ስለሚወጣው ጨረርም ባለቤትዎ ይጠይቁ ይሆናል። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ማንኛውም አማተር ሰው በሚደርስበት ቦታ ያለውን መጠን እንዲገመግም ያስገድዳል። በ100 ዋትና በ10 ሜትር ከፍታ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ርቀት እንዳለ ያሳያል፤ ቢሆንም ስሌቱን ሠርተው ወረቀቱን ከፈቃድዎ ጋር ያኑሩት።

1,500 ዶላሩን እንዲህ ባከፋፍለው ይሻላል ብዬ እገምታለሁ፦ ለመሠረቱ፣ ለማጠፊያውና ለግድግዳ ማያያዣው 500፤ ለኧርዝና ለመብረቅ መከላከያ 200፤ ለገመዱ 150፤ ለዊንች፣ ለመዘውርና ለብሎን 150፤ የቀረው 500 ለአንቴናው። ተሠርቶ የሚሸጥ አዲስ ሄክስቢም በ500 ላይገኝ ይችላል፤ ያገለገለ መፈለግ ወይም ዘንጎቹንና ሽቦውን ገዝቶ ራስ መሥራት ይቻላል። የሚያዞረው ሞተር ከዚህ በጀት ውጭ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት አንቴናውን በ66 ዲግሪ አስረው ቢተዉት አውሮፓም በአብዛኛው በዚያው ጨረር ዙሪያ ስለሚወድቅ አይሰለችዎትም።

መሠረቱ እስኪጠነክርና ገንዘቡ እስኪሟላ ግን ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። 142.5ን በሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ የዳይፖሉን ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ያገኛሉ፤ ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ያህል ነው። ትንሽ አስረዝመው ይቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን ያስቸግራል። መሃሉን በፋይበር ግላስ ዘንግ ላይ ከፍ አድርገው ሁለቱን ጫፎች በአጥሩ በኩል ያውርዱ። ሽቦው ኃይሉን የሚሰጠው ወደ ጎኑ ስለሆነ፣ በ156 እና በ336 ዲግሪ መስመር ላይ ቢዘረጋ ጎኑ ወደ አዲስ አበባ ይሆናል። በዚህ ከፍታ አቅጣጫው ያን ያህል የተሳለ ስላልሆነ ጥቂት ቢዛነፍ አያሳስብም።

በአዲስ አበባ በኩል ማን እንደሚመልስልዎም አስቀድመው ይወቁ። በአየር ላይ የሚያገኙት ፈቃድ ያለው ጣቢያ ብቻ ነው፤ ዘመድዎ ሬዲዮ ይዞ ሊያናግርዎ አይችልም። የአገራችን የጣቢያ መለያ ስም በኢ ቲ ይጀምራል፤ በአምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። በዓለም ዙሪያ የሚፈልገው ብዙ ስለሆነ ሲወጣ ወረፋው ይረዝማል፤ መለያዎን አንድ ጊዜ ጥርት አድርገው ተናግረው ያዳምጡ። በአሜሪካ የብርድ ወራት ሰዓት አዲስ አበባ ከእርስዎ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በ15 እና በ10 ሜትር ባንዶች በእርስዎ ዘንድ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ መሞከር ይበጃል። በ20 ሜትር ላይ ደግሞ በእርስዎ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን በአዲስ አበባ ፀሐይ እየወጣች ነው፤ ያቺን ግማሽ ሰዓት አያሳልፏት።

ቁራጮቹን መኪና ላይ ከመጫንዎ በፊት የአምስቱንም ቁራጮች ቧንቧዎች የታች ጫፍ በቅርበት ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ የትኞቹን ሦስት እንደሚመርጡ አብረን እናያለን።